በዛብህን ስንጠብቅ

ይህን የምንጽፈው ባልና ሚስት አብረን ተቀምጠን ነው። ስማችንን ትተን አንዳችንን «አንባቢዋ»፣ ሌላችንን «ዝምተኛው» ብለናል። የሚያውቁን ሰዎች ስሙ ልክ ነው ይሉ ይሆናል። ልክ እንዳልሆነ ግን ወደ ታች እንነግራችኋለን።

የምንኖረው ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ነው። ከቤታችን እስከ ፍቅር ሐይቅ በእግር የሚኬድ ነው። ለከተማችን እንግዳ የሆናችሁ፣ ስሙ የግጥም እንዳይመስላችሁ፤ የባጃጅ ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው የሐይቁ ዳርቻ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ለፎቶ ይመጡበታል፣ በሌላው ቀን ገና ያልተጋቡት ካቡ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ስትጠልቅ ያያሉ። እኛም ለመጋባት የተነጋገርነው እዚያው ነው። ራሰ በራዎቹ አባ ኮዳዎች ከኋላችን ቆመው ነበርና «ሽማግሌዎቹ ሳይላኩ ደረሱ» ብለን የሳቅነው እስከ ዛሬ ትዝ ይለናል።

አንድ ነገር እንናዘዝ፤ ሁለታችንም የፍቅር ታሪክ ወዳጆች ነን። አንባቢዋ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበችው በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ የአጎቷ ቅጂ ላይ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለውም ሰማው፣ በቅርቡም በኢቢሲ ተከታታይ ድራማ ሆኖ ቀረበ። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ የድሀ ልጅ የሆነው በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ገብቶ ይወዳታል። ይሸሻል፤ እሷም ከአባቷ ቤት ወጥታ ትከተለዋለች፤ ስትደርስበት ሊሞት ሲያጣጥር ታገኘዋለች። አንባቢዋ ጌታን ያገኘች ሰሞን ልብ ወለዶቿን በካርቶን ሞልታ ለጎረቤት ሰጠች። ይህን አንዱን ግን ከፍራሽ ሥር አስቀረችው። በጸሎት ጊዜ «እንደ በዛብህ ያለ፣ ግን የዳነ ባል ስጠኝ» ትል እንደ ነበር የነገረችን፣ ማለት ለዝምተኛው የነገረችው፣ ከተጋባን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ዝምተኛው ማንበብ ብዙም አይወድም። ድራማ ግን ይወዳል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ የተሠሩ የቱርክ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ «ጥቁር ፍቅር» አንድ ክፍል አምልጦት አያውቅም። በኦመርና በኤሊፍ ጉዳይ ከእናቱ ጋር ይከራከር ነበር። ማታ ማታ የቤት ኅብረት ሲኖር ድራማው ካለቀ በኋላ ሮጦ ይደርስና «ባጃጅ ጠፍቶ ነው» ይላል። ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ ጠፋ ብሎ ማንን ማሳመን ይቻላል?

ከጋብቻችን በፊት በተሰጠን ትምህርት ላይ ደግሞ አራቱን ጠባዮች ተማርን፦ ሳንጉዊን፣ ኮሌሪክ፣ ሜላንኮሊክ፣ ፍሌግማቲክ። ነገሩ የመጣው ከጥንት ግሪኮች ሕክምና ነው። በሰውነት ውስጥ አራት ፈሳሾች አሉ ብለው ያምኑ ነበር፤ ደም፣ ቢጫ ሐሞት፣ ጥቁር ሐሞትና አክታ። የበዛው ፈሳሽ የሰውየውን ጠባይ ይወስናል ይባል ነበር። ሕክምናው ይህን ከተወ ቆይቷል፤ ስሞቹ ግን ቀሩ። በእኛ በወንጌላውያን ዘንድ እንዲስፋፉ ካደረጉት ዋነኛው አሜሪካዊው ፓስተር ቲም ላሄይ ነው፤ መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። መጠይቁን ሞላን። አንባቢዋ ሜላንኮሊክ፣ ዝምተኛው ፍሌግማቲክ ሆነ፤ በጥሬው ሲተረጎም አክታ የበዛበት ማለት ነው። አሥራ ስድስት ዓይነት ሰው አለ የሚለውን፣ በአራት ፊደል የሚጻፈውን መጠይቅም በስልክ ሞልተናል። ያንን የሠሩት እናትና ልጅ ናቸው፣ ካትሪን ብሪግስና ኢዛቤል ማየርስ፤ የተነሡትም ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ካሳተመው መጽሐፍ ነው። የሚገርመው፣ ልጅየዋ መጠይቁን ከመሥራቷ በፊት የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ነበረች። ገጸ ባሕርይ መፍጠርና ሰውን በዓይነት መመደብ ቅርብ ለቅርብ የሆኑ ሙያዎች ሳይሆኑ አይቀሩም።

ትምህርቱን አንነቅፍም። አንዱ ቶሎ የሚናገር፣ ሌላው አስቦ የሚናገር መሆኑን ቀድመን ማወቃችን ከብዙ ጠብ አድኖናል። የጎዳን በኋላ ያደረግንበት ነገር ነው።

በትዳራችን በሦስተኛው ዓመት ልጅ ተፀነሰልን። በአምስተኛው ወር ሞተ። ሆስፒታል ገብተን ባዶ እጃችንን ወጣን። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አንጽፍም።

እንዲህ ላለ ልጅ ድንኳን አይተከልም፣ ዕድርም አይሰበሰብም። የቤተ ክርስቲያን እህቶች መጥተው ከአንባቢዋ ጋር አለቀሱ፣ ጸለዩ፤ ጌታ ዋጋቸውን ይክፈላቸው። ዝምተኛው ለእንግዶቹ ወንበር አቀረበ፣ ሻይ አፈላ። በሳምንቱ ሥራ ገባ። የሮቶውን ቧንቧ ጠገነ፣ የግቢውን በር ቀለም ቀባ፣ ማንም ያልጠየቀውን መደርደሪያ ሠራ። ስለ ልጁ አንድ ቃል አልተናገረም።

አንባቢዋ በልቧ «በዛብህ ቢሆን እንዲህ ዝም አይልም ነበር» ትል ጀመር። እህቶች ስለ ባሏ ሲጠይቋት «እሱማ ፍሌግማቲክ ነው፣ ምንም አይሰማውም» ብላ ትመልሳለች። ዝምተኛውም በበኩሉ ወንድሞች ስለ ሚስቱ ሲጠይቁት «ሜላንኮሊክ ስለሆነች ነው፣ ይለፍላታል» ይል ነበር። ሁለታችንም የምንለው ቃል ነበረን። እርስ በርስ ሳንጠያየቅ ስድስት ወር አለፈ።

በእነዚያ ወራት አንባቢዋ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» እንደ ገና አነበበች። በ1975 ዓ.ም. የወጣው ነው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ለዘመቻው ሥራ ከአዲስ አበባ አስመራ ይሄድና ከፊያሜታ ጋር በፍቅር ይወድቃል። አንባቢ ሁሉ፣ እኛም ጭምር፣ ፊያሜታን እንወዳታለን። በዚህኛው ንባብ ግን አንባቢዋ ያየችው ሌላ ሴት ነው፦ አዲስ አበባ የቀረችውን እጮኛውን ሮማንን። ከዚያ በፊት ስለ ሮማን አንድ ቀን እንኳን አስባ አታውቅም። መጽሐፉን ዘግታ ዘፍጥረት 29ን አወጣች። ያዕቆብ ለራሔል ሲል የሠራው ሰባት ዓመት እንደ ጥቂት ቀን ሆኖ እንደ ታየው ይነገርና፣ ወዲያው ታሪኩ እግዚአብሔር ያልተወደደችውን ልያን እንዳየ ይናገራል። ይሁዳም ከልያ ተወለደ። እሷ ያን ቀን ራሷን ልያ አድርጋ አለቀሰች። አሁን ስናስበው ይህም ሌላ ምደባ ነበር፤ ራሷን ልያ ስታደርግ ባሏን ያዕቆብ አድርጋዋለች፣ እሱ ግን ማንንም አልመረጠባትም።

አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ሻማ አልነበረንም፣ የስልክ ካርድም አልቆብናል። አንባቢዋ ስልኳ ላይ ቀድማ ያወረደችውን የወጋየሁን ትረካ ከፈተች። የወጋየሁ ድምፅ በጨለማ ሲሰማ ሌላ ነው፤ ሰውየው ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል። የበዛብህ እናት ውድነሽ ልጇ እንዲኖርላት ብላ ለእግዚአብሔር አገልግሎት የተሳለችበት ቦታ ላይ ደረስን።

ዝምተኛው «አጥፊው» አለ።

አጠፋችው።

«እኔም ተስዬ ነበር» አለ። «ኮሪደሩ ላይ። አንቺ ውስጥ ሆነሽ። ከኖረ ያንተ ነው ብዬው ነበር።»

ከዚያ ብዙ ተናገረ። ስድስት ወር ሙሉ፣ እግዚአብሔር ስእለቱን ያልተቀበለው እሱ የማይረባ ሰው ስለሆነ እንደሆነ ያስብ ነበር። ይህን ለሚስቱ ከነገራት ልጁ በእሱ ምክንያት እንደ ሞተ የምታስብ መስሎት ፈርቷል። መደርደሪያውን ሲሠራ፣ ቧንቧውን ሲጠግን፣ ያን ሁሉ ጊዜ ይጸልይ ነበር፤ «ይጸልይ» ማለት ካልከበደ፣ ይሟገት ነበር። አንባቢዋ ከጎኑ ሆና ሰማች። ምንም አልሰማውም ያለችው ሰው ነው።

መብራት ሲመጣ ሌሊት ሆኖ ነበር። አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1ን አብረን አነበብን። ሐና ስትሳል ድምፅዋ አልተሰማም፤ የሚንቀሳቀሰው ከንፈሯ ብቻ ነበር። ካህኑ ዔሊ አፏን ተመልክቶ ሰክራለች ብሎ ደመደመ። ይህን ክፍል በእናቶች ፕሮግራም ላይ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል፤ ሁልጊዜም የምንሰማው የሐናን ልመናና የሳሙኤልን መወለድ ነው። ያን ሌሊት ግን ሁለታችንም የቆምነው ዔሊ ላይ ነው። ዔሊ ክፉ ሰው አልነበረም። ልምድ ያለው አገልጋይ ነበር፣ የሰከሩ ሰዎችን አይቷል፣ ዓይነታቸውን ያውቃል። ሐና ግን ሰካራም አይደለሁም ብላ ነፍስዋን በእግዚአብሔር ፊት እንዳፈሰሰች ነገረችው። ዔሊም ቃሉን አንሥቶ ባረካት። ለዔሊ የምንራራለት በዚህ ነው፤ ሲነገረው ሰማ።

ሐና ልጅ ተሰጣት። እኛ የለመንነው አልኖረልንም። ለዚህ ምክንያቱን የሚያውቁ የሚመስላቸው ሰዎች መጥተው ነግረውናል፣ አልተቀበልናቸውም። በዛብህም ቢሆን ከስእለቱ የተረፈው ነገር ቢኖር ዕድሜ ልኩን የከበደው ቀንበር ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን አልሸሸጉም። ዝምተኛው ከጌታ ጋር ያለውን ሙግት ገና አልጨረሰም። ልዩነቱ፣ አሁን ሲሟገት አንባቢዋ አብራው ትቀመጣለች።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ከአምልኮ በኋላ ወደ ፍቅር ሐይቅ ሄድን። ሙሽሮች ነበሩ፣ ፎቶ አንሺው ሙሽራውን ፈገግ በል እያለ ይጨቀጭቀዋል። ከዛፍ ሥር ጀበና የምታፈላ ልጅ ዘንድ ተቀመጥን። አቦል ጠጣን። ቶና ስንጠጣ ዝምተኛው ለልጁ ለብቻው ስም አውጥቶለት እንደ ነበር ነገራት። አንባቢዋም አውጥታለት ነበር። ሁለቱ ስሞች አይመሳሰሉም። እሱ የእሷን፣ እሷም የእሱን ስም ደግመው ደጋግመው ጠሩት፣ ለአፋቸው እስኪለምድ።

ልጅቷ መጥታ «በረካ ልቅዳላችሁ ወይስ ትሄዳላችሁ?» አለችን።

ቅጂልን አልናት።