ግጥምና ዜማ፦ ሕዝብ

የተዘረገፈ የካሴት ክር በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠናችሁ ያደጋችሁ ታስታውሱት ይሆናል፤ ጣት ላይ የሚቀረውን ያንን ሽታ፣ ክሩ ተጠቅልሎ ሲያልቅ ካሴቱ የሚያሰማትን ትንሽዬ ቀጭ። እኔ ዛሬ የማነሣላችሁ ግን ከዚያ ጥቂት ዘግይቶ የመጣውን፣ አንድ ቀን ትዝታ ይሆናል ብሎ ማንም ያልጠረጠረውን ነገር ነው። ካሴት ሊሞት ሲያጣጥር፣ ዩቲዩብና ቴሌግራምም ገና ወደኛ ሳይደርሱ፣ በመሃል አንዲት አጭር ዘመን ነበረች፤ ዘፈን በሜሞሪ ካርድ የሚጫንባት፣ እኛም ሐይቅ ከተማ አንዲት ጠባብ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ተቀምጠን በየዘፈኑ ፋይል ላይ የባለቤቱን ስም አንድ በአንድ የምንጽፍባት።

2000 ዓ.ም. አካባቢ መሆኑ ነው። ሱቋ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚያልፈው አስፋልት ዳር ስለነበረች ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መስታወቷ ይንቀጠቀጣል። አንደኛው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ካሴት ነው፤ ፀሐይ የሚያገኛቸው ሽፋኖች ቀያቸው ወደ ሮዝ፣ ጥቁራቸው ወደ ቡናማ ዞሯል። በወዲያኛው በኩል ያ ሆዱ ወደ ኋላ የተንዘረጠጠ የድሮ ኮምፒውተር፣ ማታ ማታ የባለቤቱ እናት በሠሩት ዳንቴል እየተሸፈነ ያድራል። ባለቤቱን ጋሼ ነበር የምንላቸው። እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ እገባለሁ፤ ደመወዜ ሻይና የፈለግሁትን መስማት ነበር፣ በዚያ ዕድሜ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? በገበያ ቀን ከአርዲቦ በኩል፣ ከአምባሰልም የሚመጡት ሰዎች ሜሞሪያቸውን በመሐረብ ጫፍ ቋጥረው፣ አንዳንዶቹም በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልለው ያመጣሉ። ጥፍር የምታህል ነገር ናት፤ በርበሬና ጨው ሸምተው እስኪመለሱ ሞልተን እንጠብቃለን።

«ምን ልጫንልዎ?» ስንል መልሱ የዘፈን ስም ሆኖ አያውቅም። አንዷ «ያች እንኳን፣ እኅቴ ስትዳር የተዘፈነችዋ» ትላለች። አንዱ ደግሞ ምንም ሳይናገር ትከሻውን ነቅነቅ ያደርግና «ይኼን» ይላል፤ ጋሼም ከትከሻው አነቃነቅ ዘፈኑን ያውቁታል። እየተጋነነ እንዳይመስላችሁ፣ በዓይኔ ያየሁት ነው። መንዙማ የሚያስጭኑም ብዙ ነበሩ፤ እነሱ ደግሞ በመጀመሪያ «ከዘፈኑ ጋር እንዳታቀላቅለው፣ ለብቻው አድርግልኝ» ይሉናል፣ እኛም ለብቻው እናደርጋለን።

ከካሴት ወደ ኮምፒውተር ማስገባት የዋዛ ሥራ አልነበረም። ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ቀጭን ገመድ አውጥተን ኮምፒውተሩ ላይ እንሰካና ካሴቱን እናጫውታለን፤ የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም። በመሃል መብራት ከሄደ እንደገና ከመጀመሪያው። ሲያልቅ ዘፈን ከዘፈን እንቆርጣለን፤ ኮምፒውተሩም «ትራክ 01፣ ትራክ 02» እያለ ይደረድራቸዋል፣ ስምም አባትም የሌላቸው። ታግ የሚባለው ሥራ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፍሎሪያን ሃይደንራይኽ የተባለ ጀርመናዊ በነፃ ያሰራጫት ኤምፒስሪታግ የምትባል ሶፍትዌር ነበረችን፤ በግራ በኩል ባዶ ሳጥኖች ትደረድርላችኋለች፦ ርእስ፣ ዘፋኝ፣ አልበም፣ ዓመት፣ ተራ ቁጥር፣ ዓይነት፣ አስተያየት፣ ዝቅ ብሎም ደራሲ። ጋሼ የካሴቱን ሽፋን እንደ አኮርዲዮን ዘርግተው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ያነብባሉ፤ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ። እኔ እጽፋለሁ። የሰው ስም ሳይሞላ የተረፈ ሳጥን ካዩ «ምነው፣ ይኼ ሰው ልጅ የለውም?» ይሉኛል።

ስሙ የሚጻፈው የት እንደሆነ ያወቅሁ ቀን የገረመኝ እስካሁን አለቀቀኝም። ኤሪክ ኬምፕ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው የመጀመሪያው ዓይነት ታግ የፋይሉ ጭራ ላይ የምትለጠፍ 128 ባይት ናት፤ ለርእስ 30፣ ለዘፋኝ 30፣ ለአልበም 30፣ ለዓመት 4፣ ለአስተያየት 30፣ ለዓይነት 1፣ የቀሩት ሦስቱ ደግሞ ታግ መሆኗን መናገሪያ ፊደላት ናቸው። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ፣ ማንም በማይሰማው ቦታ። እዚያው አጠገባችን፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያጸኑት ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ የድሮ ጸሐፊዎቻችን ብራናውን ጽፈው ሲጨርሱ ከመጨረሻው ላይ የጻፈውን፣ ያስጻፈውን እያነሡ ጸሎት ይለምናሉ፣ የሰረቀውንም ያወግዛሉ። ለጋሼ ይህንን ባወራላቸው «እኛ እርግማኗን ረስተናል ማለት ነዋ» ብለው ሳቁ። እውነትም ዘፈኑ ከኛ ሱቅ ወጥቶ በየስልኩ በብሉቱዝ ሲሰረቅ የሚይዘው አልነበረም።

በጣም የሚያስቀው «ዓይነት» የሚለው ሳጥን ነበር። በዚያች አንድ ባይት ውስጥ የሚገባው ቃል ሳይሆን ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም ፈረንጆቹ አስቀድመው ካወጡት የሰማንያ የሙዚቃ ዓይነቶች ዝርዝር ላይ ይመረጣል። ሬጌ አለ፣ ጃዝ አለ፣ ፖልካ እንኳ አለ። አምባሰል የለም። ተራራው ከመስኮታችን ወዲያ ነው፣ ወረዳው ጎረቤታችን ነው፣ ቅኝቱን እረኛው ሁሉ ያፏጨዋል፤ ዝርዝሩ ውስጥ ግን የለም። የዝርዝሩ ዜሮ ቁጥር ደግሞ ብሉዝ ስለሆነ፣ ሳጥኑ በዜሮ የተተወ ፋይል ሁሉ ብሉዝ ሆኖ ይመጣል፤ በዚህ ዓይነት የኛዋ ማሪቱ ለገሠ ስንት ጊዜ የብሉዝ ዘፋኝ ሆና ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ተሻግራለች። አዲሱ ዓይነት ታግ የፈለጋችሁትን ቃል እንድትጽፉ ስለሚፈቅድ እኔ ቁጭ ብዬ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ እያልኩ ለየሁ። ከአራቱ ቅኝት ሁለቱ የወሎ አገር ስም መሆናቸው ያኔ ነው የገባኝ። ካሴቱን ያሳተመው አዲስ አበባ ያለው አምባሰል ሙዚቃ ቤት ሲሆን ደግሞ አልበሙም አምባሰል፣ ዓይነቱም አምባሰል፣ አስተያየቱም አምባሰል ይሆንና ጋሼ «ተራራው ስክሪኑ ላይ ወጣ» ይሉ ነበር።

ፊደሉማ ሌላ ጣጣ ነው። የኛ ኮምፒውተር ኤክስፒ ስለነበር ግዕዝ የሚነበበው በፓወር ግዕዝ ነው፤ እዚያው ያማረው ጽሑፍ ሌላ ቦታ ሲከፈት የላቲን ምልክት ትርምስ ይሆናል። በዩኒኮድ ስንጽፍ ደግሞ የቻይና ስልኮቹ ፊደሉ ስለሌላቸው ሳጥን ሳጥን ይደረድራሉ፤ አንዱ ደንበኛ ስልኩን ይዞ መጥቶ «ቆርቆሮ ነው የጫናችሁልኝ?» ብሎናል። ስለዚህ አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመርን። እሱም መዘዝ አለው፤ ጥላሁን ገሠሠን አንዱ በሁለት ኤስ፣ ሌላው በሦስት፣ ሦስተኛው በአራት እየጻፈው ስልኩ ውስጥ ሦስት ጥላሁን ይቀመጣል። ዓመቱስ? ለዓመት የተተወችው አራት ቁጥር የማንን አቆጣጠር እንደምትፈልግ አትጠይቅም። የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» በፈረንጅ 1975 ነው፣ በኛ 1967። ቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው»ን በኛ 2004፣ በነሱ 2012 አወጣ። ሁለቱንም አቆጣጠር ያደባለቀ ሜሞሪ ላይ በጥቂት ዓመት የሚበላለጡ ዘፈኖችን በዓመት ብትደረድሯቸው ታናሹ ቀድሞ ታላቁ ይከተላል። ጋሼ «በኛው ይሁን» ብለው ወሰኑ፤ ከኛ ሱቅ የወጣ ዘፈን ሁሉ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ ኖረ።

እና አንድ ቀን እንዲያው ለጨዋታ ያህል ሁሉንም ፋይል በደራሲ ስም ደረደርኩት። ከላይ እስከ ታች አብዛኛው አንድ ስም ነው፤ ሕዝብ። ካሴቶቹ ሽፋን ላይ «ግጥምና ዜማ፦ ሕዝብ» ስለሚል እኔም እሱኑ እየገለበጥኩ ነበርና፣ ሕዝብ የሚባል፣ ሁሉንም ያስከነዳ ደራሲ ሱቃችን ውስጥ ተፈጥሮ አረፈ። በዚሁ መሃል ከአርዲቦ ዳር የሚመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ልጃቸው የላከላቸውን ስልክ ሊያስሞሉ ተቀምጠው ስክሪኑን ያያሉ። የልጅ ልጃቸው ናት ያነበበችላቸው።

«ይኼ ሕዝብ የምትሉት ሰውዬ የየት አገር ሰው ነው?» አሉ።

ሳቅን። «አባባ፣ ሕዝብ ማለት ባለቤቱ ያልታወቀ ማለት ነው» አልኳቸው።

«ለማን ነው ያልታወቀው?»

መልስ አጣሁ። ጋሼም ዝም አሉ። ሽማግሌው ያኔ በቴፑ እየገባ የነበረውን አምባሰል አዳመጡና፣ ሁለተኛዋ ስንኝ ላይ እጃቸውን አንሥተው «እቺን አውቃታለሁ» አሉ። ከአርዲቦ በላይ በኩል፣ አውድማ ላይ፣ እሳቸው ገና ወፌ ቆመች በሚባሉበት ዕድሜ አንዲት ሴት ያወጣቻት ናት ብለው ስሟን ከነአባቷ ነገሩን። «አብሽር፣ ጻፍ እንጂ ምን ትፈራለህ?» አሉኝ።

አርዲቦን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት ትንሽ ልንገራችሁ። ከሐይቅ ከፍ ብሎ፣ ከእሱ ያነሰ፣ ዙሪያውን ኮረብታ የከበበው ውሃ ነው። ሐይቅን እስጢፋኖስ አስከብሮት እንግዳ ይጎበኘዋል፣ አርዲቦ ግን የባላገሩ ነው። ከሽማግሌው ወግ በኋላ በአንድ እሑድ ወጣሁ። ጠዋቱ እርጥብ ሣርና የኩበት ጭስ ይሸታል፤ ውሃው ከመንቀሳቀስ የታቀበ ይመስል ጸጥ ብሏል፣ አንድ ታንኳ መሃል ላይ እንደ ዝንብ ተቀምጣለች። እረኞቹ ድምፁ ሩቅ የሚሰማ የቻይና ስልካቸውን ድንጋይ ላይ አጋድመው ማሪቱን ከፍተዋል። ስክሪኑ ጠባብ ስለሆነ ስሟ ከቀኝ ወደ ግራ እየተጎተተ ያልፋል፤ አንዱ ብላቴና፣ ሦስተኛ ክፍል ቢሆን ነው፣ የሚያልፈውን የላቲን ፊደል በጣቱ እየተከተለ «ኤም... ኤ... አር...» እያለ ያነብባል፤ ሳይጨርሰው ያልፍበታል፣ ዞሮ እስኪመጣ ይጠብቀዋል፣ ደግሞ ይጀምራል። ያንን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ ልለው ፈልጌ አፈርኩ።

አሁን ያች ሱቅ የሞባይል ካርድና የጫማ ሱቅ ሆናለች። ጋሼ አርፈዋል። ሃርድ ዲስኩ አንድ ክረምት መብራት ሄዶ ሲመጣ በዚያው ቀረ። የእኅቴ ልጅ ዘፈን ስትፈልግ ስልኳን ታናግረዋለች፣ ይከፈትላታል፤ ፋይል የሚባል ነገር አይታ አታውቅም፣ ግጥሙ የማን እንደሆነ ስጠይቃትም በፈገግታ ታየኛለች። አልፈርድባትም፣ ዘፈኑ ከኛ ቅጂ ይልቅ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ መብራትም አያስደግመውም።

አንዲት ፍላሽ ግን መሳቢያ ውስጥ ተርፋልኝ ኖሮ ባለፈው ክረምት ከፈትኳት። ያ አምባሰል አለ፤ የካሴቱ ሹክሹክታ ሳይቀር። ዓይነቱን አየሁ፣ ብሉዝ ይላል። በየእጁ ሲያልፍ አንዱ ፕሮግራም አዲሱን ረጅሙን ታግ ጠርጎት ኖሮ «ሕዝብ»ም ከነሳጥኑ ጠፍቷል፤ የቀረችው ያች ጭራ ላይ ያለችው አሮጌ 128 ባይት ብቻ ናት። የሴትየዋን ስም ያኔ ደራሲ የሚለው ሳጥን ውስጥ አልጻፍኩትም ነበር፣ ልጅ ነበርኩና የካሴቱን ሽፋን ከሽማግሌው ይልቅ አመንኩ፤ አስተያየት የሚለው ውስጥ፣ ያውም ከነመግቢያው፣ በላቲን ፊደል ነው ያኖርኩላት። ከፈትኩት። «አርዲቦ ዳር ያሉ ሽማግሌ እንዳል» ይላል። ሰላሳው ፊደል እዚያ ላይ አልቋል።