ድንጋይ የሆነ አጥንት

ዛሬ የምጽፍላችሁ ምስክርነትም ነው፤ ንስሐም ነው።

ታናሽ ወንድሜ ጊምቢ ገበያ ውስጥ የቡና ጆንያ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል አዳልጦት ወደቀ። ከፍ ካለ ቦታ አልወደቀም፤ መኪናም አልገጨውም። ግን የቀኝ ጭኑ አጥንት እንደ ጠመኔ ለሁለት ተሰበረ። ስብራት ሲገጥመው ሁለተኛው ነበር። በልጅነቱ የግራ እግሩ ተሰብሮ የሰፈራችን ወጌሻ በቀርከሃ አስሮለት፣ ከብዙ ወራት በኋላ ጠመም ብሎ ገጥሞ ነበር።

አሁን ኃጢአቴን ልናገር። በዚያው ቀን ማታ አልጋው አጠገብ ተንበርክኬ ስጸልይ ቆየሁና፣ "ወንድሜ፣ ያልተናዘዝከው ነገር ካለ ተናገር። አጥንት ያለ ምክንያት ሁለት ጊዜ አይሰበርም" አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናታችን በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ምንም አላለችም።

በማግስቱ ወደ ነቀምቴ ወሰድነው። ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ብዙ ዝም አለ። ከዚያም ጠርቶ አሳየኝ። የጤነኛ ሰው የጭን አጥንት በራጅ ሲታይ ዳርና ዳሩ ነጭ ነው፤ መሐሉ ላይ ግን መቅኔው የሚተኛበት ጠቆር ያለ መንገድ አለ። የወንድሜ ግን ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነበር። "ይህ አጥንት የተሰበረው ከልክ በላይ ስለጠጠረ ነው" አለኝ። የሚቀልድ መሰለኝ።

በሽታው ኦስቲኦፔትሮሲስ ይባላል። ቃሉ የግሪክ ነው፤ አጥንትና ድንጋይ ማለት ነው፤ ድንጋይ የሚለው ክፍል ጌታ ለስምዖን ካወጣለት ጴጥሮስ ከሚለው ስም ጋር አንድ ሥር አለው። እ.ኤ.አ. በ1904 መጀመሪያ የገለጸው አልበርስ ሾንበርግ የተባለ ጀርመናዊ የራጅ ሐኪም ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው ኦኔስሞስ ነሲብ ወደ ወለጋ ተመልሶ ነቀምቴ የገባውም በዚያው ዓመት ነው።

ሐኪሙ እንዲህ አስረዳኝ። በአጥንታችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች አሉ፤ አንዱ አሮጌውን ያፈርሳል፣ ሌላው አዲሱን ይገነባል። በዚህ በሽታ አፍራሹ ሥራውን አይሠራም። አሮጌው ሳይነሣ አዲሱ በላዩ ይከመራል። አጥንቱ ይወፍራል፤ ግን እንደ እብነ በረድ ነው፤ ሲመታ መለመጥ አያውቅም፤ ይሰበራል።

ከዚያ ሐኪሙ ወደ እናታችን ዞሮ፣ "እማማ፣ ከቤተሰቡ ሌላ አጥንቱ የተሰበረ አለ?" አላት።

"እኔ አለሁ ዶክተር፤ ልጅ ሆኜ ሁለት ጊዜ" አለች፤ እኔ ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ራጅ ስትነሣ የእሷም አጥንት ነጭ ሆኖ ተገኘ። የእኔ ግን ደህና ነበር። በዘር የሚወረስ ነው፤ እንዲህ ባለው ዓይነት ከአንድ ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የመድረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። እናቴ መሬት መሬት እያየች፣ "ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት በኔ ኃጢአት ነው ስል ኖሬአለሁ" አለችኝ። በዚያ ማታ እኔ የተናገርኩትም ያንኑ ነበር። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ የጠየቁትን ጥያቄ እኔ በገዛ ቤቴ ደገምኩት፤ የጌታን መልስ ግን እያወቅሁ ዘነጋሁ።

ለቀዶ ሕክምና በባኮና በአምቦ አድርገን አዲስ አበባ ገባን፤ 330 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ለጭን አጥንት ስብራት ብዙ ጊዜ የሚገባው ረጅም ብረት መቅኔው ባለበት መንገድ ያልፋል። ወንድሜ ግን ያ መንገድ ተደፍኖበታል። ስለዚህ ሐኪሞቹ ከጎን በኩል ብረት ለጥፈው በብሎን ለማሰር ወሰኑ። ይህም ቢሆን ቀላል አልነበረም። መሰርሰሪያው ይግላል፤ ይደነዝዛል፤ እንዳይሰበርም ያሰጋል። ቸኩለው ቢጫኑት አጥንቱ ሌላ ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ብዙ መሰርሰሪያ አዘጋጅተው፣ በዝግታ ጥቂት ሰርስረው፣ ጨዋማ ውኃ እያፈሰሱ አቀዝቅዘው፣ ደግሞ ይቀጥላሉ። መቅኔው ስለተጨናነቀ የደም ማነስም ነበረበት፤ ደም አስቀድመን አዘጋጅተናል። ኢንፌክሽን እንዳይገባ ጥብቅ ክትትል ያስፈልግ ነበር፤ አጥንቱ ለመግጠም ከሌላ ሰው ይልቅ ብዙ ይዘገያልና።

እኔ ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስጸልይ የሕዝቅኤል ትንቢት ምዕራፍ 36 ትዝ አለኝ፤ እግዚአብሔር የድንጋዩን ልብ አውጥቶ የሥጋ ልብ እንደሚሰጥ የተናገረበት ቦታ። ወንድሜ የደነደነው አጥንቱ ነው፤ እኔ ግን ልቤ። ለዓመታት በአገልግሎት ላይ አገልግሎት፣ በእውቀት ላይ እውቀት ከመርኩ። ከውጭ ሲያዩኝ ጠንካራ እመስል ነበር። ጌታ በእኔ ውስጥ አሮጌውን እንዲያፈርስ ግን አልፈቀድኩም፤ በመጀመሪያው ፈተና ተሰበርኩ፤ ስብራቴም በወንድሜ ላይ ወደቀ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አጥንቱ ለመግጠም ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። ዛሬ ወንድሜ ይሄዳል፤ ግን ያነክሳል። በሽታው አልጠፋም፤ ሌላ ስብራት ሊመጣ ይችላል። ያዕቆብም ከእግዚአብሔር ጋር ታግሎ ሲነጋ የተባረከው እያነከሰ ነበር።

ወገኖች፣ በቤታችሁ በትንሽ አወዳደቅ አጥንቱ የሚሰበር ሰው ካለ ራጅ አስነሡት። ስብራትን በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ደም አግዶ እግር እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል፤ ፈጥናችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ይህ በሽታ ያለበት ሰው ጥርሱን ሲነቀል ወይም ሲታከም አስቀድሞ ለሐኪሙ ይናገር፤ የመንጋጋ አጥንቱ በቀላሉ ይመረቅዛልና። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም። ከሁሉም በላይ ግን የታመመውን ሰው አልጋ የፍርድ ወንበር አታድርጉት።

ወንድሜን ይቅርታ የጠየቅሁት ገና ከማደንዘዣው ሲነቃ ነው። ብዙ ዝም አለና፣ "መጀመሪያ እማዬን ጠይቃት" አለኝ። ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅሁ። ይቅር አለችኝ፤ እሱም ይቅር አለኝ።

ጌታ ሆይ፣ በእኛ ውስጥ የደነደነውን አንተ አፍርሰው። አሜን። ተባረኩ።