በአደም ተራራ ጫካ የምትኖረው እንቁራሪት



የጥንት ዓረቦች ሰረንዲብ ይሏት የነበረችው ደሴት ዛሬ ስሪላንካ ትባላለች። በደጋማው ክፍሏ 2,243 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ቆሟል። ጫፉ ላይ የእግር ዱካ የሚመስል ምልክት አለ። ቡድሂስቶች የቡድሃ፣ ሂንዱዎች የሺቫ ነው ይላሉ። በሙስሊሞች ዘንድም አባታችን አደም (ዐ.ሰ.) ወደ ምድር ሲወርዱ ያረፉበት ነው የሚል የቆየ ትረካ አለ። ትረካው በቁርኣን የተነገረ ባይሆንም፣ ታላቁ ተጓዥ ኢብን በጡጣ እ.ኤ.አ. በ1344 ይህን ተራራ ወጥቷል።

ተራራውን የሚወጣ ሰው ሁሉ ዓይኑ ከጫፉ ላይ ነው። እኛ ግን ዛሬ ወደ ተራራው ጭጋጋማ ጫካ እንወስዳችኋለን። እዚያ በቁጥቋጦ ላይ የምትኖር አንዲት ትንሽ አረንጓዴ እንቁራሪት አለች። ገላዋ በነጠብጣብ ያጌጠ በመሆኑ ሳይንሳዊ ስሟ «ኮከባማ» ማለት ነው። ኬላርት የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1853 መዘገባት። ከዚያ ወዲህ ከ150 ዓመታት በላይ ደብዛዋ ጠፋ፤ ከምድር ጠፍታለች ተብሎም ተጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን የስሪላንካ ተመራማሪዎች በዚሁ ጫካ በሕይወት አገኟት። ሱብሐነላህ!

የወገኖቿ አፈጣጠር ያስደንቃል። እኛ የምናውቃቸው እንቁራሪቶች ውኃ ውስጥ ይፈለፈላሉ፤ መጀመሪያም ጭራ ይዘው ይዋኛሉ። እነዚህ ግን ኩሬ አያሻቸውም። እድገታቸውን በእንቁላሉ ውስጥ ጨርሰው፣ ባለ አራት እግር ደቃቅ እንቁራሪት ሆነው ይወጣሉ። እንቁላሉን የሚጠብቀው የጫካው እርጥበት ነው። ዛፉ ሲቆረጥ ፀሐይ ይገባል፤ እንቁላሉም ይደርቃል።

እንግሊዞች በ19ኛው መቶ ዘመን ያን ደጋ መንጥረው ቡና ተከሉ። እ.ኤ.አ. ከ1869 ጀምሮ የቅጠል በሽታ ቡናውን ሲያጠፋው በቦታው ሻይ ተተከለ። ጫካው ግን አልተመለሰም። ከእነዚህ እንቁራሪቶች ወገን ከ10 በላይ ዝርያዎች ጠፍተዋል ተብለው ተመዝግበዋል። ኮከባማዋም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አንዷ ናት። የተራራው ጫካ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ተስፋ ይሰጣል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንቁራሪትን ለመድኃኒት ስለመጠቀም የጠየቃቸውን ሐኪም እንዳይገድላት መከልከላቸውን አቡ ዳዉድ ዘግበዋል። ለመድኃኒት እንኳ መግደሏ ከተከለከለ፣ መኖሪያዋን በግዴለሽነት ማጥፋት እንዴት ይታያል? ክረምት ሲገባ ልጆቻችን በእንቁራሪት ላይ ድንጋይ ሲወረውሩ ካየን ይህን ሐዲስ እንንገራቸው። ምድርና በላይዋ ያለው ሁሉ በእጃችን ያለ አማና ነው።

ወላሁ አዕለም።