እኔስ የታለሁ?

ወዳጆቼ፣ ትንሽ ረዘም ይላል። ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት ከሰኞ እስከ አርብ የአይሲቲ መምህር ነኝ። በትርፍ ሰዓቴ ደግሞ የሠርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ለምን? የመምህር ደሞዝ የሚያውቅ ሰው አይጠይቀኝም። ጓደኛዬ ይቀርጻል፣ እኔ ማታ ማታ ልጆቼ ከተኙ በኋላ ኤዲት አደርጋለሁ።

ባለፈው ጥር የአንዲት የቀድሞ ተማሪዬን ሠርግ ሠራሁ። አባቷ ሠርጓን ሳያዩ ነው ያረፉት። ወንድሟ አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፤ "ቲቸር፣ መጨረሻው ላይ የአባባን ፎቶ ከነስማቸው አስገባልን።" አስገባሁ። ስማቸውን ከታች በቀጭን ወርቃማ ፊደል ጻፍኩ። ላፕቶፔ ላይ ሳየው እኔው ራሴ እንባዬ መጣ። ፍላሽ ላይ ገልብጬ ሰጠኋቸው።

ከሳምንት በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሊያየው ሲል እኔንም ጠሩኝ። ቤቱ ሙሉ ነው። ቡናው ተፈልቷል፣ ፈንዲሻው ቀርቧል። ፍላሹን ሪሲቨሩ ላይ ሰኩትና በትልቁ ቲቪ ተከፈተ።

እናላችሁ፣ ጉዱ ጀመረ።

የሙሽሪት ቬሎ ድርቅ ያለ ነጭ ሆነ፤ ያ ሁሉ ጥልፍ የለም። የሚዜዎቹ ፊት ቲማቲም መሰለ። ይሄን እንኳ ማንም ልብ አላለውም፣ እኔ ብቻ ነኝ ወንበሬ ላይ የተቁነጠነጥኩት። ከዚያ ሙሽሪት ከቤት ስትወጣ የአያቷን ጉልበት የምትስምበት ጋ ደረሰ። እማማ ልጃቸው ከሞተ ጀምሮ ጥቁር ነው የሚለብሱት፤ የተቀመጡትም ጥግ ላይ ነበር። ላፕቶፔ ላይ ፊታቸው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቲቪው ላይ ግን ሙሽሪት ጎንበስ ብላ ጨለማ ትስማለች።

እማማ ትክ ብለው አዩና "እኔስ የታለሁ?" አሉ።

ሰው ሳቀ። "ጨለማው ውስጥ ነዎት እማማ" አላቸው አንዱ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

መጨረሻ ላይ የአባትየው ፎቶ መጣ። ስማቸው ከወገቡ ተቆርጧል፤ የፊደሎቹ አናት ብቻ ነው የሚታየው። ወንድምየው ዞር ብሎ አየኝ። ምንም አላለም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ማታ ፋይሉን እንደገና ከፈትኩት። ሁሉም ነገር አለ። እማማ አሉ፣ ስሙ አለ፣ ጥልፉም አለ። "የነሱ ቲቪ ነው የተበላሸው" ብዬ ልተኛ ሞከርኩ። እንቅልፍ እምቢ አለ።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አዲስ አበባ የቲቪ ጣቢያ ውስጥ ኤዲተር ነው። ደወልኩለት። "ቲቸር፣ ለመሆኑ በምንድነው አይተህ ያስረከብከው?" አለኝ። "በላፕቶፕ" አልኩት። "እሱማ ይዋሻል!" ብሎ ሳቀ።

ለስልጠና አዲስ አበባ የሄድኩ ጊዜ ወደ ሥራ ክፍሉ አስገባኝ። ክፍሉ ደብዘዝ ያለ ነው። ከኮምፒውተሮቹ ጎን አንድ የብሮድካስት ሞኒተር ተቀምጧል። "ኮምፒውተሩ ለመቁረጥና ለመቀጠል ነው፤ የምንፈርደው በዚህ ነው" አለኝ። ምስሉ ወደ ሞኒተሩ የሚሄደው በኮምፒውተሩ ዴስክቶፕ በኩል አይደለም። ለብቻዋ የተሰካች የቪዲዮ ካርድ ታወጣውና በኤስዲአይ ኬብል ይደርሳል። ስለዚህ ዊንዶውስም ሆነ የግራፊክስ ካርዱ ቀለሙን አይነካካውም።

ከዚያ ተማሪዬ አስተማሪዬ ሆነ። የገባኝን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ብርሃን። ያ ሞኒተር ነጩ 100 ኒት አካባቢ እንዲሆን ተስተካክሏል። እኔ ላፕቶፔን እስከ ጥግ አብርቼ፣ ከዚያ በእጥፍ በላይ በሆነ ብርሃን ነበር የምሠራው። ጨለማ ውስጥ ያሉት እማማ ለኔ የታዩኝ ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ የጥቁርና የነጭ ልክ። ለቴሌቪዥን በሚሠራ ባለ 8 ቢት ቪዲዮ ጥቁር 0 ሳይሆን 16 ላይ ይጀምራል፣ ነጭ 235 ላይ ያበቃል። ኮምፒውተር ደግሞ ከ0 እስከ 255 ነው የሚያስበው። ሁለቱ ካልተግባቡ ከ16 በታች ያለው ሁሉ ድቅድቅ ይላል፣ ከ235 በላይ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ይሆናል። እማማና ጥልፉ በአንድ ስህተት ነው የጠፉት።

ሦስተኛ፣ ጠርዝ። ጀርባው ትልቅ የነበረው የድሮ ቲቪ የምስሉን ዳር ዳር ይደብቅ ነበር። ዛሬም ብዙ ቲቪዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ምስሉን ትንሽ አጉልተው ዳሩን ይቆርጡታል። ለዚህ ነው የቆየው ደንብ ጽሑፍን ከመሃል 80 በመቶ ውስጥ፣ ዋና ዋና እንቅስቃሴን 90 በመቶ ውስጥ አድርጉ የሚለው። ሴፍ ማርጂን የሚባሉት ሁለቱ ሳጥኖች እነሱ ናቸው። ሶፍትዌሬ ላይ ለዓመታት አጥፍቻቸው ነበር፣ ዓይኔን ይረብሹኛል ብዬ!

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሞኒተሩ ራሱ መፈተኑ ነው። የቀለም ባሮቹን ይከፍቱና ሰማያዊውን ብቻ የሚያሳይ ቁልፍ ተጭነው ቀለሙን ያስተካክላሉ። ከታች በቀኝ ሦስት ጥቁር ሰረዞች አሉ፤ ብርሃኑን የሚቀንሱት ከሦስቱ ፈካ ያለው ብቻ ለጥቂት እስኪታይ ነው። ሌላውን የሚመዝነው ሚዛን መጀመሪያ እሱ ይመዘናል።

"ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ" ይባል የለ? የኔ ላፕቶፕ ለኔ ነበር የሚቆርሰው። ፈተና ላይ "ከማስረከባችሁ በፊት በሌላ ሰው ዓይን እዩት" እያልኩ ስንት ዓመት ጮህኩባችሁ፤ የራሴን አንድ ቀን እንኳ እንዲያ አላየሁም።

ያንን ሞኒተር መግዛት ለኔ የማይታሰብ ነው። ያደረግኩት ይሄ ነው፦ ያገለገለ ቲቪ ገዛሁ። በኤችዲኤምአይ ሰካሁት፣ "ቪቪድ" የሚለውን አጥፍቼ "ሲኒማ" ላይ አደረግኩ፣ ዳር የሚቆርጠውን አስቀረሁ፣ በባሮቹ አስተካከልኩት። ፕሪሚየር ውስጥ ፕሪፈረንስ ገብታችሁ ፕሌይባክ የሚለው ላይ ሁለተኛውን ስክሪን ብትመርጡ ቪዲዮው ብቻ ሙሉ ሆኖ ይወጣላችኋል። ከጣቢያው ሞኒተር ጋር አይወዳደርም፤ ከላፕቶፑ ግን ያነሰ ይዋሻል። ከማስረከቤ በፊትም ጎረቤት ቤት ሪሲቨር ላይ ሰክቼ አያለሁ። ጎረቤቶቼ የማያውቁት ሰው ሠርግ ማየት ሰልችቷቸዋል።

የዚያን ሠርግ ቪዲዮ ያለ ክፍያ እንደገና ሠራሁት። የእማማን ጥግ አፈካሁ፣ የቬሎውን ነጭ መለስኩ፣ ስሙን ወደ ላይ አወጣሁ፣ ፊደሉን አወፈርኩ። ወስጄ ራሴ ሰካሁላቸው።

ጉልበታቸው የሚሳምበት ጋ ሲደርስ እማማ ወደ ቲቪው ጠጋ አሉ። "ውይ! እንዲህ አርጅቻለሁ እንዴ?" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ እሳቸውም ሳቁ።

ፎቶው ሲመጣ ሁሉም ዝም አለ። እማማ ማንበብ አይችሉም። "ምን ይላል ከሥሩ?" ብለው ጠየቁ።

ወንድምየው የአባቱን ስም ከነአያቱ ጮክ አድርጎ አነበበላቸው።

ደህና እደሩልኝ።