በሐኪም ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ሕመም

ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትን አልፎ ደባርቅ እስኪደረስ ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጭላዳና ዋልያ ለማየት የሚቸኩል መንገደኛ በከተሞቹ ውስጥ ብዙም አይቆይም። እኔ ግን በዚህ በስሜን ተራሮች ግርጌ፣ በአንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት፣ 19 ዓመት የሠራተኞችን ማኅደር ስጠብቅ ኖሬአለሁ። በእነዚህ ዓመታት በእጄ ካለፉት ወረቀቶች ሁሉ አብዝቼ ያነበብሁት የሐኪም ፈቃድን ነው።

ወረቀቷ ትንሽ ናት። የታማሚው ስም፣ የሕመሙ ዓይነት፣ የዕረፍቱ ቀን ብዛት፣ ፊርማና ክብ ማኅተም፤ በቃ። በሕመሙ ዓይነት ፊት ለፊት «ጨጓራ»፣ «ራስ ምታት»፣ «የወገብ ሕመም» ተብሎ ይጻፋል። ዓመት በዓመት ስመለከተው ግን ጨጓራ የራሱ ወቅት ያለው ይመስል ነበር። በጀት በሚዘጋበት በሰኔ፣ ግምገማ በሚካሄድበት ሳምንት፣ ሪፖርት ሦስት ጊዜ ተመልሶ አራተኛ ጊዜ እንዲጻፍ በሚታዘዝበት ሰሞን ይበረታል። በእርግጥ ወረቀቷን ይዞ ጎንደር ለሠርግ የሚወርድ አልጠፋም፤ እነርሱን ዛሬም አልከላከልላቸውም።

ሕጉ ለታመመ ሠራተኛ ፊቱን ያዞረ ነው ማለት አይቻልም። እኛ የክልል ሠራተኞች በራሳችን አዋጅ የምንተዳደር ብንሆንም ለአብነት ያህል በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ለቋሚ ሠራተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ 8 ወር፣ በአራት ዓመት ውስጥ ደግሞ እስከ 12 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ፈቅዶ ነበር። ችግሩ የቀኑ ማነስ አልነበረም። ችግሩ ፈቃዱ የሚሰጠው ስም ላለው ሕመም ብቻ መሆኑ ነበር።

ከጦርነቱ በፊት ነው፤ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስተኛዋን ወረቀት ይዛ መጣች። እንደሚታወቀው በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው በዚህ ፕሮግራም ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ይመደባሉ፤ አንድ ጤና ኬላም እስከ 5,000 ሰው ያገለግላል ተብሎ ይታሰባል። ይህ ቁጥር በሜዳ አገር አንድ ነገር ነው፤ በእኛ አገር ግን ከአንዱ ጎጥ ወደ ሌላው ለመድረስ የክትባት ሣጥን በትከሻ ተሸክሞ ገደል ወርዶ ገደል መውጣት ግድ ነው። ወረቀቷን አየሁና ባልደረቦቼ እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

«እኅቴ፣ ይህ ጨጓራሽ የሚነሣብሽ ሪፖርት ሲደርስ ብቻ ነው እንዴ?» አልኋት።

«አዎን፣ ጋሼ፤ የሚነሣብኝ ያን ጊዜ ነው» አለችኝ።

ባልደረቦቼ ሣቁ፤ እኔም ሣቅሁ። እርሷ አልሣቀችም። የተጠየቀችውን በእውነት መመለሷ እንደ ነበር የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ከማኅደሯ ላይ «በተደጋጋሚ ስለምትቀር ክትትል ይደረግባት» ብዬ ጻፍሁ። አብራት የምትሠራው ጓደኛዋ በወሊድ ፈቃድ ላይ ስለነበረች የሁለት ሰው ሥራ ብቻዋን ትሠራ ነበር። የወሊድ ፈቃዱ ደብዳቤ ከእኔው መደርደሪያ ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ሥራዋን ለቀቀች።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ወደ እኛ ደረሰ። ዳባት ወረዳ፣ ጭና ላይ፣ ሲቪሎች ተገደሉ፤ ከሊማሊሞ በታች ካለው ቆላ የተፈናቀለው ሕዝብ በትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠለለ። መምህሩ ክፍሉን ለቆ እህል ሰፋሪ ሆነ፤ እኔም መዝገቤን አስቀምጬ የተፈናቃይ ስም ጸሐፊ ሆንሁ። በእነዚያ ወራት አንዲት የሐኪም ወረቀት አልመጣችልኝም፤ ሁሉም ጤነኛ ነበር። ወረቀቶቹ የጎረፉት ነገሩ ጋብ ሲል ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ጥር ላይ ከወረቀቶቹ አንዷ የእኔ ሆነች።

ያንኑ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አንብቤ ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። ሰው በሩን ሲያንኳኳ ልቤ ይመታል፤ የገባውን ባለጉዳይ፣ ገና አፉን ሳይከፍት፣ እጠላዋለሁ። ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ወጣት ነው። ምን እንደሚያመኝ ጠየቀኝ።

«ታከተኝ» አልሁት።

ብዕሩን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ይህን ብጽፍልዎ መሥሪያ ቤትዎ ይቀበላል?»

መልሱን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ የሚቀበለውም የሚመልሰውም እኔ ነበርሁና። «ጨጓራ» ብሎ የ10 ቀን ዕረፍት ጻፈልኝ። ወረቀቷን በገዛ ማኅደሬ ውስጥ በገዛ እጄ አሰርሁ።

ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አነበብሁ። ፍሮይደንበርገር የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ በኒው ዮርክ በአንድ ነጻ የሕክምና ጣቢያ ሲሠራ በራሱና በባልደረቦቹ ላይ ያየውን ይህን ዓይነት ድካም እ.ኤ.አ. በ1974 ጽፎ ስም አወጣለት። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 ዓ.ም. በጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ አካተተው፤ ይሁንና ከሥራ ጋር የተያያዘ ክሥተት እንጂ በሽታ አላለውም። ሊቃውንቱ ስም ፍለጋ ይህን ያህል ሲደክሙ እኛ ዘንድ «መታከት» የሚል ቃል ከድሮም አለ። ከሐኪም ወረቀት ላይ ግን አንድም ቀን አላየሁትም።

ዕረፍቴን ያሳለፍሁት ደጋ፣ ከአጎቴ ቤት ነው። የመጣሁበትን ምክንያት ስነግራቸው «ተቀምጦ ውሎ የሚታክተው ሰው አይቼ አላውቅም» አሉኝ፤ አልሸሸጉኝም። በሦስተኛው ቀን የገብሱን ነዶ ሲያመላልሱ ልረዳቸው ብነሣ ግን «አንተ ተቀመጥ» ብለው ከለከሉኝ። ምክንያቱን አልነገሩኝም፤ አልጠየቅኋቸውምም። በዚያ ውርጭ ከደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ ከብዙ ወር በኋላ መጀመሪያ ጊዜ ያንቀላፋሁት ያን ቀን ነው።

ተመልሼ ሥራ በገባሁ ዕለት የዚያችን ሠራተኛ ማኅደር አወጣሁ። ክትትል ይደረግባት ያልሁበት ወረቀት ገጽ 23 ነው። ከማኅደር ወረቀት መገንጠል ክልክል ነው፤ ለሌላው ስከለክል ኖሬአለሁ። ስለዚህ አዲስ ወረቀት ወስጄ «በገጽ 23 የሰፈረው አስተያየት በእኔ ስሕተት የተጻፈ ነው፤ በወቅቱ የሁለት ሰው ሥራ ብቻዋን ትሠራ ነበር» ብዬ ጻፍሁ። ፈረምሁበት፤ ገጽ 24 ብዬ ቁጥር ሰጥቼ አሰርሁት። ማኅደሩ የተዘጋ ነው፤ የሚከፍተው ሰው መኖሩን እንጃ።