ጀርመኑን ስፈልግ

ሰፈራችን ውስጥ የእኛ ቤት «የጀርመኖቹ ቤት» ይባላል። ቆርቆሮው እንደማንም ቆርቆሮ ዝጓል፣ አጥሩም እንደማንም አጥር አዝምሟል። ጀርመንነታችን ያለው ታላቅ ወንድሜ ፀጉር ላይ ነው። ፀሐይ ሲመታው ወደ ቀይ ስለሚሄድ የሰፈር ልጆች «ክሊንስማን!» እያሉ ያሳድዱት ነበር። (ወንድሜ ኳስ ሜዳ ላይ ከክሊንስማን ይልቅ ለግቡ ቋሚ ይቀርባል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

የፀጉሩን ምስጢር የምትነግረን እምዬ ናት፣ የእናቴ እናት። ትውልዷ ደብረ ታቦር ነው። «የአባቴ እናት አባቷ ጀርመን ነው። ሙሴ ዮሐንስ ይሉታል። ጋፋት ላይ ለአጤ ቴዎድሮስ መድፍ የሠራ!» ትላለች። ይህን ስትል ነጠላዋን ታስተካክላለች። እኔም አምስተኛ ክፍል ሆኜ ስለ ሴባስቶፖል መድፍ ስንማር እጄን አውጥቼ «ቲቸር፣ እሱን የሠራው የእኛ አያት ነው» ብዬ ክፍሉን በሳቅ አፍርሼዋለሁ።

ነገሩ ከቀልድ ያለፈው አጎቴ ለሦስተኛ ጊዜ ቪዛ የተከለከለ ዕለት ነው። «ዘር ካለን እኮ ፓስፖርት ይሰጡናል! አንተ ኢንተርኔት ላይ ተጥደህ ትውላለህ፣ ፈልገው እንጂ!» አለኝ። እናላችሁ፣ ሙሴ ዮሐንስን የመፈለግ ሥራ በዚህ ሁኔታ በእኔ ላይ ወደቀ።

የአጎቴን ተስፋ ለመቅበር ሁለት ምሽት በቃኝ። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፤ የዘመን አቆጣጠር ጣጣን እመጣበታለሁ።) በጀርመን ሕግ በጋብቻ የተወለደ ልጅ ዜግነት የሚወርሰው ከአባቱ ነበር። እናት እኩል ማውረስ የቻለችው ከ1975 ጀምሮ ነው። ያላገባ አባት ደግሞ ከ1993 ወዲህ። የእኛ ሐረግ ካልተጋባ አባት ተነስቶ በሴት ልጅ በኩል የወረደ ነው። ይባስ ብሎ በሙሴ ዮሐንስ ዘመን «ጀርመን» የሚባል አንድ መንግሥት አልነበረም። ያ ሁሉ ትንንሽ ግዛት አንድ የሆነው በ1871 ነው፣ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካረፉ ከሦስት ዓመት በኋላ። አጎቴ ይህን ሲሰማ «ድሮም ፈረንጅ!» ብሎ ወደ ዲቪው ተመለሰ።

እኔ ግን መተው አቃተኝ።

ሽቱትጋርት የምትኖር አብሮ አደግ አለችኝ። ደውዬ ስነግራት ከሳቀች በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ከየት መንደር ነው?» እኔማ ከጀርመን ብዬ ጨርሼ ነበር። ለካ ጀርመን ውስጥ ገብተህ ስም የምትጠራበት አንድ ትልቅ መዝገብ ቤት የለም። መንግሥት በመላው አገሪቱ ልደትና ሞት መመዝገብ የጀመረው በ1876 ነው፤ ፕሩሲያ ሁለት ዓመት ቀድማ፣ ከራይን ወንዝ በስተምዕራብ ያለው አገር ደግሞ በፈረንሳዮች ዘመን፣ በ1790ዎቹ። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ስሙ ያለው የተጠመቀበት አጥቢያ መዝገብ ላይ ነው።

መዝገቦቹ ግን የሚያስቀኑ ናቸው። ፕሮቴስታንቶቹ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምረውታል። ካቶሊኮቹን የትሬንት ጉባኤ በ1563 ጥምቀትና ጋብቻ መዝግቡ ብሎ አዘዛቸው። ከ1618 እስከ 1648 የዘለቀው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ብዙዎቹን አቃጠለ። የተረፉት ግን ዛሬም አሉ፤ የአንድ ተራ ገበሬ የጥምቀት ቀን፣ የጋብቻው ቀን፣ የተቀበረበት ቀን።

ስለዚህ ሰው ለማግኘት መንደሩን፣ ሃይማኖቱንና ዓመቱን ማወቅ አለብህ። እኔ ያለኝ «ዮሐንስ» ነው። ጀርመን ወርዶ ዮሐንስን መፈለግ መርካቶ መሃል ቆሞ «አበበ!» ብሎ እንደ መጣራት ነው። እንዲያውም ይብሳል። በዚያ ዘመን የአንድ ቤት ወንድማማቾች ሁሉም ዮሐንስ ተብለው ይጠመቁና የሚጠሩት በሁለተኛው ስማቸው ነው። ዮሐንስ ጊዮርጊስ፣ ዮሐንስ ያዕቆብ፣ ዮሐንስ ሚካኤል። እኛ የክርስትና ስም ደብቀን በዓለም ስም እንደምንጠራው ማለት ነው።

መንደሩን ለማግኘት በጋፋት በኩል ዞርኩ። ጋፋት ከነበሩት የእጅ ባለሙያዎች ብዙዎቹ የመጡት ባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከክሪሾና ሚሲዮን ነው። ይህንን ማሠልጠኛ ክርስቲያን ፍሪድሪክ ሽፒትለር የሚባል ሰው በ1840 አቋቋመው። ሙያ ያላቸውን ወጣቶች ወንጌል አስተምሮ ይልካል። ቴዎድሮስ ወንጌሉን ትተው መድፉን ያዙ። ከቩርተምበርግ የመጡ ነበሩ፣ ከባደን፣ ከስዊዘርላንድም። ከእነሱ ሌላ ሠዓሊው ኤድዋርድ ዛንደር ከአንሃልት መጥቶ እዚሁ ኖሯል። የዕፅዋት ተመራማሪው ቪልሄልም ሺምፐርም አድዋ ላይ ቤት ሠርቶ እዚያው በ1878 ሞቷል።

የእኛ የትኛው ነው? ዝርዝሩን ሳነብ «ዮሐንስ» የሚል አይቼ ልቤ የዘለለበት ሌሊት ነበር። ጠዋት ሲነጋ ግን አፈርኩ። የስም መመሳሰል ዘር አይሆንም። ማስረጃ ሳይዙ «ይሄ የእኔ ነው» ማለት የሰው አያት መስረቅ ነው። ስሙን እዚህም አልጠራውም።

ለሚሞክር ሰው የተማርኩትን ላካፍል። ፋሚሊ ሰርች የሚባለው የሞርሞኖች ድረ ገጽ በነፃ ነው። እነዚህ ሰዎች በ1938 የዓለምን መዝገብ በማይክሮፊልም ማንሳት ጀመሩ፤ ፊልሙን የሚያስቀምጡት ዩታ ውስጥ ከግራናይት ተራራ ሥር በፈለፈሉት ዋሻ ነው። ለካቶሊክ መዝገቦች ማትሪኩላ አለ፣ እሱም በነፃ ነው። ለፕሮቴስታንቶቹ በ2015 የተከፈተው አርኪዮን አለ፣ እሱ ያስከፍላል። ከ1876 ወዲህ ያለውን የመንግሥት መዝገብ በተመለከተ ደግሞ ከ2009 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አለ፦ ልደት ከ110 ዓመት፣ ጋብቻ ከ80፣ ሞት ከ30 ዓመት በኋላ ለማንም ክፍት ይሆናል።

ገጹ ሲከፈትልህ ደግሞ ማንበብ አትችልም። ጽሕፈቱ ኩሬንት ይባላል፤ «ኢ»ው «ኤን» ይመስላል፣ «ዩ»ው ደግሞ ከ«ኤን» እንዲለይ አናቱ ላይ መንጠቆ ይደረግለታል። አብሮ አደጌ ለጀርመን ጓደኞቿ ብታሳያቸው እነሱም ትከሻቸውን ነቀነቁ። የድሮው ጽሕፈት ከ1941 ጀምሮ ከትምህርት ቤት ወጥቷል፣ ከአያቶች በስተቀር የሚያነበው ጥቂት ነው። በግዕዝ የተጻፈ ብራና ፊት ቆሜ የምሆነውን አስታወሰኝ።

የዘመን አቆጣጠሩ ጣጣ ይኸውላችሁ። ከዓለም ጋር ቀን የተጣላን እኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ የጀርመን ካቶሊኮች አዲሱን አቆጣጠር በ1583 አካባቢ ሲቀበሉ፣ ፕሮቴስታንቶቹ «የጳጳሱን ካላንደር አንቀበልም» ብለው እስከ 1700 ቆይተዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሁለት ጎረቤት መንደሮች በአሥር ቀን ተለያይተው ኖረዋል። እምዬን ይህን ስነግራት «ታዲያ ፋሲካን እንዴት ያደርጉት ነበር?» አለችኝ። የተለያየ ቀን ነበር የሚያከብሩት፣ እምዬ።

መሃል ላይ ፍለጋውን ለመተው ያሰብኩበት ጊዜ ነበር። አብሮ አደጌ አንድ ማታ «እዚህ አገር ሰው ሁሉ የአያቱን ጥምቀት የፈለገበት ዘመን እንደነበር ታውቃለህ?» አለችኝ። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የመንግሥት ሠራተኛ የአይሁድ ዘር እንደሌለበት በአያቶቹ ወረቀት እንዲያረጋግጥ ታዘዘ። በየአጥቢያው ደብዳቤ ጎረፈ። «የዘር ፓስፖርት» የሚሉት ደብተር በመጻሕፍት መደብር ይሸጥ ነበር። ካህናቱ ለሰማይ ቤት የመዘገቡት መዝገብ በምድር ሰው መለያ ሆነ። አያቱ በትክክለኛው ገጽ ላይ ያልተገኘ ሰው መጨረሻው ምን እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር እያየን ላደግን ልጆች ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ዘር መቁጠር ንጹሕ ጨዋታ ነው ብዬ ነበር። አይደለም፤ የሚቆጥረው ማን ነው፣ ለምንስ ነው የሚለው ይወስነዋል።

የቀጠልኩት በፒተር ኡስቲኖቭ ምክንያት ነው። ሁለት ኦስካር ያገኘው፣ ፖይሮን ሆኖ የተወነው እንግሊዛዊ ተዋናይ። ሠዓሊው ዛንደር ከኢትዮጵያዊት የወለዳት ልጅ ወለተ ኢየሱስ፣ በፈረንጅ ስሟ ካታሪና፣ ከጋፋት መድፍ ሠሪዎች አንዱ የሆነውን ሞሪትዝ ሆልን አገባች። በ1868 ልጃቸው ማግዳሌና ተወለደች። የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሰብሮ ሲመለስ ቤተሰቡ አብሮ ወጥቶ ያፋ ከተማ ገባ። ማግዳሌና እዚያ ፕላቶ ፎን ኡስቲኖቭን አገባች። የፒተር አያት እሷ ናት። አያችሁ? ወረቀት ባለበት አገር ስለኖሩ የእነሱ ሐረግ ከነእናቶቹ ተጽፎ ቀረ። የእኛዋ ግን ደብረ ታቦር ቀረች።

ባለፈው ዓመት አብሮ አደጌ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ለእኔ ብላ አንድ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ቤት ገባች። የእኛን ሰው ልታገኝ አይደለም፤ «ቢያንስ እንዲህ ያለ ገጽ ላይ ነው ያለው ብለህ እየው» ብላ የ1830ዎቹን የአንድ መንደር የጥምቀት ገጽ በስልኳ አንስታ ላከችልኝ። እያጎላን በስልክ አብረን ስናነብ አመሸን። የልጁ ስም። የአባት ስም፣ ሥራው ሸማኔ። የእናት ስም፣ ከእነማን ቤት እንደተወለደች ጭምር። የክርስትና አባትና እናት። ለእያንዳንዱ ሕፃን እንዲሁ።

ከገጹ ግርጌ ያለው ግን የተለየ ነበር። የአባት ቦታ ባዶ ነው። ሳትጋባ የወለደች የሰው ቤት ሠራተኛ ናት። ካህኑ ሳይወድ እንደጻፈው ያስታውቃል። ቢሆንም የእሷን ስም ሙሉውን፣ የአባቷንም ስም ጽፏል። ያች ሴት ምንም አልነበራትም፤ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ግን እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ስሟን አነበብኩት።

በማግስቱ እምዬ ዘንድ ሄድኩ። ቡና እያፈላች ነበር።

«እምዬ፣ የሙሴ ዮሐንስ ሚስት፣ የአባትሽ አያት፣ ማን ነበር ስሟ?»

ጀበናውን አስቀመጠች። ከአባቷ ወደ ላይ ወንዶቹን እስከ ሰባት ቤት ሳትደናቀፍ የምትቆጥር ሴት ናት። ብዙ ቆየች።

«አልነገሩኝም እኮ» አለች። «አባቴ ሲያወራ ሁልጊዜ ስለ ፈረንጁ ነው።»

እኔም ስጠይቃት የኖርኩት ስለ ፈረንጁ ነው። እነሱ ዘንድ አባት ሲጠፋ የአባት ቦታ ባዶ ይቀራል። እኛ ቤት የጠፋው አባት ስሙ አምስት ትውልድ ተሻገረ፤ ልጁን አዝላ ያሳደገችው፣ በዚያ ሁሉ ጦርነትና ረሃብ ውስጥ እኛን ያተረፈችው ሴት ቦታ ነው ባዶ። እሱን ደግሞ የትኛውም የአውሮፓ መዝገብ አይሞላልኝም። የረሳናት እኛ ነን።

እምዬ ሁለተኛውን ቡና ሳትቀዳ እንዲህ አለች፦ «የክርስትና ስሟን እንኳ ባውቅ በጸሎት እጠራት ነበር። አሁን ምን ብዬ ላስባት?»

መልስ አልነበረኝም። ደብተር አወጣሁና «እሺ፣ ከአንቺ እንጀምር» አልኳት። የእሷን የክርስትና ስም ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አያቴ ሆና! የእናቷን፣ የእናቷን እናት፣ ከዚያ አልሄደም። ሴቶቹ ሦስት ላይ አለቁ። ዓመቱን «ጣሊያን የገባ ጊዜ»፣ «አንበጣው የመጣ ዓመት» እያለች ነገረችኝ፣ እኔም እንዳለችው ጻፍኩ። የትኛው ቤተ ክርስቲያን ክርስትና እንደተነሡ፣ የት እንደተቀበሩም ጭምር። ከሙሴ ዮሐንስ ጎን አንድ መስመር ባዶ ተውኩ። «ያልታወቀች» ብዬ አልጻፍኩበትም። ደብረ ታቦር የእምዬ አባት ዘመዶች አሉ፣ ከእነሱ ውስጥ የሰማ አይጠፋም። መንገዱ ሲመች እሄዳለሁ።

ሙሴ ዮሐንስን መፈለግ አላቆምኩም፤ እሱ ይደርሳል። የተጠመቀበት መዝገብ በአንዱ መንደር ከተረፈ የትም አይሄድም። እምዬ ግን ዘጠና ዓመቷ ነው። ስለዚህ እናንተም በዚህ እሑድ አያታችሁ ዘንድ ከሄዳችሁ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ጠይቁ። ስለ ጀግናው አያት አይደለም፣ እሱን ነግረዋችኋል። እናቱ ማን ትባል እንደነበር ጠይቁ። እስክሪብቶ ይዛችሁ ሂዱ።