ሦስት ደቂቃ በብሪዝበን

ብሪዝበን ወንዟን ተከትላ የተሠራች ከተማ ናት። ወንዙ መሀል ለመሀል እየተጠማዘዘ ያልፋል፤ የምማርበት የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲም ሴንት ሉሺያ በሚባለው ሰፈር፣ ወንዙ ዞሮ በሚታጠፍበት መሬት ላይ፣ በሦስት ጎኑ በውሃ ተከቦ ይገኛል። ጠዋት ጠዋት ሲቲካት የሚሏት ጀልባ ተማሪውን ከመሀል ከተማ ጭና መጥታ ግቢው ጫፍ ላይ ታወርደዋለች። በጥቅምትና በኅዳር ጃካራንዳው ሲያብብ የግቢው መንገድ ሐምራዊ ይለብሳል። አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ዛፉ አዲስ አይደለም፤ እዚህ ግን አበባው ሲታይ ተማሪው ሁሉ ፈተና መድረሱን ያውቃል።

ውሃ እንዲህ የከበባት ከተማ ውሃ ተጠምታ እንደነበር ያወቅሁት ከቤት አከራዬ ነው። አዛውንት ናቸው። መታጠቢያ ቤታቸው ግድግዳ ላይ አንዲት ትንሽ የአሸዋ ሰዓት ተለጥፋለች፤ ስትገለበጥ አሸዋው ወርዶ እስኪያልቅ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2007 ድርቁ በርትቶ የአካባቢው ግድቦች የያዙት ውሃ ወደ 17 በመቶ ገደማ አሽቆልቁሎ ነበር። ነዋሪው በነፍስ ወከፍ በቀን ከ140 ሊትር በላይ እንዳይጠቀም ተጠየቀ፤ ገላ መታጠብም በሰዓት ሆነ። አሸዋው ሲያልቅ ውሃው ይዘጋል። ዝናቡ ከተመለሰ፣ በ2011 ደግሞ ወንዙ ሞልቶ ከተማዋን ካጥለቀለቀ በኋላ እንኳ አከራዬ ሰዓቷን ከግድግዳው አላነሷትም።

በዚያው የድርቅ ዘመን የዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ዲን የነበሩት ፕሮፌሰር አለን ላውሰን ከእንዲህ ዓይነቷ ሰዓት አንድ ሐሳብ እንዳገኙ ዩኒቨርሲቲው ይተርካል፦ የዶክትሬት ተማሪ የዓመታት ምርምሩን በሦስት ደቂቃ ያስረዳ። ሐሳቡ ውድድር ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በተደረገው የመጀመሪያው ዙር 160 ተማሪዎች ተሳተፉ። ዛሬ ከ85 በላይ በሆኑ አገሮች፣ ከ900 በላይ ዩኒቨርሲቲዎች ያካሂዱታል። ደንቡ ጥብቅ ነው። የሚፈቀደው አንድ ስላይድ ብቻ ነው፤ እሱም የማይንቀሳቀስ። ምንም ዓይነት ዕቃ በእጅ መያዝ፣ ድምፅ ወይም ቪዲዮ ማጫወት አይቻልም። በግጥም ወይም በዜማ ማቅረብም ክልክል ነው። ከሦስት ደቂቃ ያለፈ ከውድድሩ ይሰረዛል። አዘጋጆቹ እንደሚሉት 80,000 ቃላት ያሉት የመመረቂያ ጽሑፍ በንግግር ቢቀርብ 9 ሰዓት ይወስዳል።

የእኔ ሥራ ስለ ኮምጣጣ አፈር ነው። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ገደማ የሚሆነው በአሲድነት የተጠቃ እንደሆነ ይገመታል፤ ጎጃም፣ ወለጋ፣ ጨንቻ፣ ዝናብ የሚበዛበት ደጋ ብዙው እንዲሁ ነው። አፈሩ ሲኮመጥጥ በውስጡ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟል። የስንዴና የገብስ ሥር ይህን አሉሚኒየም ሲነካ ፍም እንደነካ ጣት ይሸማቀቃል፤ ያጥራል፣ ይወፍራል፣ ወደ ታች መውረድ ይተዋል። አፈሩ ራሱ ደግሞ ፎስፈረሱን ይዞ ስለሚያስቀረው ገበሬው በውድ የገዛው ማዳበሪያ ሜዳ ላይ ይቀራል። አንዳንድ የስንዴ ዝርያ ግን ከሥሩ ጫፍ ማሊክ አሲድ እያወጣ አሉሚኒየሙን ያስረዋል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳዩት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ናቸው። ባሕር ተሻግሬ የመጣሁትም ይህን ዕውቀት ከምንጩ ልቅዳ ብዬ ነው።

ከአፈሩ ይልቅ የከበደኝ ንግግሩ ነው። ያደግሁት ትልቅ ሰው ፊት ድምፅ ዝቅ ማድረግ፣ ዓይን ለዓይን አለመግጠም፣ ሲጠየቁ ብቻ መመለስ ጨዋነት በሆነበት ቤት ነው። እዚህ በሳምንታዊው የላቦራቶሪ ስብሰባ ላይ ገና በመጀመሪያ ዓመቷ ላይ ያለች ተማሪ ፕሮፌሰሩን በስማቸው ጠርታ «ይህ ግራፍ አላሳመነኝም» ትላለች። ፕሮፌሰሩም ቅር ሳይላቸው ተነሥተው ሰሌዳው ላይ ያስረዳሉ፤ አንዳንዴም ልክ ነሽ ብለው ይቀመጣሉ። አማካሪዬን በስማቸው ብቻ ለመጥራት አንደበቴ ቶሎ አልታዘዘልኝም። ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ግን የዝምታ ትርጓሜ ነው። እኛ ዘንድ ዝም ያለ ሰው እያሰበ፣ እያከበረ ወይም ሳይስማማ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ስብሰባ ላይ ያልተናገረ ሰው ተስማምቷል ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ ስለ ጎጃም አፈር የማውቀውን ሳልናገር ብወጣ ያ ዕውቀት ለእነሱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ይህ ሲገባኝ መናገር ድፍረት መሆኑ ቀርቶ የሥራዬ አካል ሆኖ ታየኝ።

ስለዚህ በሦስት ደቂቃው ውድድር ለመካፈል ተመዘገብሁ። ዩኒቨርሲቲው ለተወዳዳሪዎች ሥልጠና ይሰጣል። አሠልጣኛችን ቀድሞ በቲያትር የሠራች ሴት ነበረች። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሁለት አድርጋ አስቀመጠችን፤ ለእኔ የደረሰችኝ የሙዚቃ ታሪክ የምታጠና ተማሪ ናት። ምርምሬን በአንድ ደቂቃ እንድነግራት፣ ከዚያ እሷ የሰማችውን መልሳ እንድትነግረኝ ታዘዝን። ስለ ካቲዮን ልውውጥ፣ ስለ አሉሚኒየም ሙሌት፣ ስለ ፎስፈረስ መታሰር በተቻለኝ ፍጥነት ተናገርሁ። ተራዋ ሲደርስ ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «ኢትዮጵያ ውስጥ አፈር አለ፣ አሲድ አለበት፣ አንተን ያሳስብሃል» አለች። ከአንድ ደቂቃ ንግግሬ የደረሳት ይኸው ነበር። አሠልጣኟ ማንንም አልነቀፈችም። ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፈች፦ ይህ ዓረፍተ ነገር ለማን ነው?

ያ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልተለየኝም። ሦስት ደቂቃ በእንግሊዝኛ ረጋ ብሎ ለሚናገር ሰው 400 ቃል ገደማ ነው። ጽሑፌን አንድ በአንድ ስመረምር ብዙው ዓረፍተ ነገር ለእኔ የተጻፈ ሆኖ አገኘሁት፤ ማወቄን ለማሳየት፣ ፈታኝ እንዳይነቅፈኝ ለመከላከል፣ የባለሙያ ወገን መሆኔን ለማስመስከር። ለሰሚው የተጻፈው ጥቂት ነው። የመጀመሪያውን ዓይነት ስሰርዝ የመጣው ለውጥ ገረመኝ፤ ንግግሩ ከማጠሩ በላይ ጠራ፤ ምን ማለት እንደፈለግሁ ለራሴም ገባኝ። ስለ አቋቋምም ተምረናል፦ ሁለት እግርን መሬት ማስረገጥ፣ ስናገር ወደ አፌ የሚሄደውን እጄን ዝቅ ማድረግ፣ ከከባድ ዓረፍተ ነገር በኋላ ሁለት ትንፋሽ ያህል ዝም ማለት። ይህ የመጨረሻው ለእኔ ቀላል ነበር። ዝምታ አውቃለሁ፤ የቀረኝ ቦታውን መምረጥ ብቻ ነበር።

ከሥልጠናው ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ግን ሙሩካ ነው። ሙሩካ ከከተማዋ በስተደቡብ ያለ ሰፈር ነው፤ የሐበሻና የሌሎች አፍሪካውያን ሱቆችና ምግብ ቤቶች ተሰባስበውበታል፤ በርበሬና እንጀራ ለመግዛት የምሄደው እዚያ ነው። አንድ ቅዳሜ ዳንግላ አካባቢ ያደጉ እናት ቡና ሲያፈሉ ተጠርቼ ተገኘሁ። ውድድሩ ቀርቦ ስለነበር በአማርኛ ልሞክረው ብዬ «እማማ፣ ሥራዬን ልንገርዎትና ያልገባዎትን ይጠይቁኝ» አልኳቸው።

«በል እስቲ ልጄ፤ ሰው ሰምቶት የማያውቅ ትምህርት ደግሞ ምን ይሆን?» አሉኝ።

ነገርኋቸው፤ ኮምጣጣ አፈር ኖራ ሲጨመርበት እንደሚሻለውም ጭምር። ጀበናውን አስቀምጠው አዳመጡኝ። ስጨርስ እንዲህ አሉ፦ «ይህማ እኛ መሬት ደከመ የምንለው ነው። እንግዶ ካልሆነ ሌላ አያበቅልም ነበር። አሁን ሰዉ ሁሉ ዲከረንስ ተክሎ ከሰል ማክሰል ይዟል አሉ።» እውነታቸውን ነው፤ በአዊ ዞን በተለይ በፋግታ ለኮማ ገበሬው የደከመውን እርሻ ዲከረንስ ወደሚባለው የግራር ተክል ለውጦ በከሰል መተዳደር የጀመረው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ቀጠሉና «ኖራ ይጨመርበታል አልኽ። ለአንድ ቃዳ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ቃዳ ሩብ ሄክታር ነው። «እንደ አፈሩ ነው እማማ፤ ከ5 እስከ 10 ኩንታል ይፈልጋል» አልኳቸው።

«10 ኩንታል! ማን ተሸክሞ ያደርሰዋል? ያ ሁሉ ዳገት፣ ያቺ አንድ አህያ!»

የእኔ ምርምር ጥያቄ ይኸው ነበር። ኖራውን እርሻው ላይ ሁሉ ከመበተን ዘሩ በሚወርድበት መስመር ብቻ በጥቂቱ ብንጨምር፣ ከዚያ ጋር አሉሚኒየም የሚችል ዝርያ ብንዘራ፣ የሚያስፈልገው ኩንታል በምን ያህል ይቀንሳል ነው የምለው። ይህን ግን አራተኛው ምዕራፍ ውስጥ ቀብሬው ነበር፤ በንግግሬም መጨረሻው ላይ ነበር የሚመጣው። እማማ በሁለት ስኒ መሀል አውጥተው ፊት ለፊት አስቀመጡልኝ። በዚያው ሌሊት ንግግሬን ከአህያዋ ጀመርሁ፦ አንዲት አህያ በአንድ ጊዜ 50 ኪሎ ብትጭን፣ 10 ኩንታል ኖራ ለማድረስ 20 ጊዜ ዳገቱን ትወጣለች። ገበሬው ኖራ የማይጠቀመው ጥቅሙን ስላላወቀ ነው የሚል ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ ዝም ይላል።

በውድድሩ ቀን አዳራሹ ውስጥ ያሳየሁት ስላይድ ከአንድ አፈር የተነቀሉ ሁለት የስንዴ ቡቃያዎች ፎቶግራፍ ነበር፤ የአንዱ ሥር ረጅም፣ የሌላው ደንዳናና አጭር። ጽሑፍ የለበትም። ሰዓቱ ሳያልቅ ጨረስሁ። ወደ ቀጣዩ ዙር ያለፈችው ሌላ ተማሪ ናት፤ ይገባት ነበር። ከዚያ ስንወጣ ግን ከዳኞቹ አንዱ፣ መስካቸው ምሕንድስና ነው፣ ቀረብ ብለው «ኖራው የሚፈጨው የት ነው? ከእርሻው ምን ያህል ይርቃል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ግብርና ተምረው የማያውቁ ሰው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ከጉዳዩ እምብርት ላይ ደርሰው ቀጣዩን ጥያቄ አነሡ። ንግግር ሠመረ የሚባለው በዚህ ነው እላለሁ፤ ሰሚው አጨብጭቦ ሲሄድ ሳይሆን ሥራውን ወደፊት የሚገፋ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ።

አጭር ንግግር አደጋም አለው፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ሦስት ደቂቃ ብቻ ያለው ሰው ረሃብን አጠፋለሁ፣ በሽታውን እነቅላለሁ ለማለት ይፈተናል። የውድድሩ መመዘኛም ተወዳዳሪው ምርምሩን እንዳያቀልለውና በጅምላ እንዳያወራ ይጠይቃል። እኔ ለራሴ ያወጣሁት ሕግ አለ፦ በመመረቂያ ፈታኞቼ ፊት ቆሜ ልከላከለው የማልችለውን ዓረፍተ ነገር መድረክ ላይ አልናገረውም። ለገበሬማ ይልቁን። ገበሬው በሰማው ቃል ተማምኖ ዘሩን መሬት ላይ ይበትናል፤ ከከሸፈ የሚራበው እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ስማር ደጋግሞ ትዝ የሚለኝ የአገሬ ቅኔ ቤት ነው። ተማሪው ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ይውልና መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩ እዚያው ያርሙታል፣ ጓደኞቹ ይሰማሉ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ በዚያች ጠባብ ቦታ የሚሞላው ምሥጢር ግን ብዙ ነው። ችሎት ላይም በላ ልበልሃ እያለ በቃሉ የሚሟገት ሕዝብ ነበርን። ስለዚህ ሐበሻ ተፈጥሮው ዝምተኛ ነው ሲባል አልቀበልም። ዝምታውን ያመጣው ተማሪ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ሲገለብጥ ውሎ የሚገባበት፣ አፉን የሚከፍተው ስሙ ሲጠራ ብቻ የሆነበት ክፍል ነው። ይህ ደግሞ ሊለወጥ የሚችል ነገር ነው።

ለባሕር ዳር፣ ለጅማ፣ ለሐሮማያ፣ ለወለጋ፣ በየዩኒቨርሲቲው ላላችሁ መምህራን ጥያቄ አለኝ። የማስተርስም ሆነ የዶክትሬት ተማሪ መመረቂያውን በእንግሊዝኛ ከመከላከሉ በፊት፣ ጥናቱን ወደሠራበት ቀበሌ ተመልሶ፣ በአካባቢው ቋንቋ፣ ለገበሬውና ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሦስት ደቂቃ እንዲናገር አድርጉ። አዳራሽ አያስፈልገውም፤ ፕሮጀክተርም አያስፈልገውም። ከሦስት ደቂቃው በኋላ ሰዉ የፈለገውን ያህል ጊዜ ይጠይቅ፤ ጥያቄዎቹም ተጽፈው ከመመረቂያው ጋር ለፈታኞች ይቅረቡ። ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ እኔ በዳንግላ ለመጀመር አስቤአለሁ፤ አብሮኝ ለመሥራት የሚፈልግ መምህር ቢኖር በደስታ እቀበለዋለሁ።